የኔ ቢጤ

ታኅሣሥ 20

እግሬ አሁንም ያመኛል። ትናንት ቁልቢ ነበርን፤ እማዬ፣ እኔና የእህቴ ልጅ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከድሬ ተነሳን። ደንገጎን ስንወጣ ሙቀቱ ከኋላችን ቀረ። ቁልቢ ስንደርስ እማዬ ጋቢ ደርባ እንኳ ትንቀጠቀጥ ነበር።

የተቀመጥኩት ግን ስለ በዓሉ ልጽፍ አይደለም። ስለ አንድ ሰውዬ ነው። ከትናንት ጀምሮ ከዓይኔ አልጠፋም።

ቁልቢን የሚያውቅ ያውቀዋል። ወደ ገብርኤል የሚወስደው መንገድ ግራና ቀኙ በነዳያን የተሞላ ነው። ታች ብር የሚዘረዝሩ ልጆች አሉ። 100 ብር ስትሰጫቸው 90 ብር ሳንቲም በፌስታል ይሰጡሻል፤ አስሯ የነሱ ናት። እኔም 200 ብር አዘረዘርኩና ማደል ጀመርኩ። ማደል ነው የሚባለው። ዓይኔ እጅ ላይ ብቻ ነበር። እጅ፣ ሳንቲም። እጅ፣ ሳንቲም። መዳፉ የተሰነጠቀ፣ ጣት የጎደለው፣ የሕፃን እጅ። አንድም ፊት አላየሁም። ስለቱ እንዲደርስ ነበር የቸኮልኩት። መንገዱን ሳልጨርስ ፌስታሉ ባዶ ሆነ። ቀጥሎ የተዘረጋውን እጅ «እግዜር ይስጥህ አባባ» ብዬ አለፍኩት።

«አንቺ!» አለኝ ከኋላዬ። «የድሬ ልጅ ነሽ አይደል?»

ዞርኩ። «በምን አወቅክ?»

«ሰው ሁሉ ይስጥዎት እያለ ነው የሚያልፈኝ። አንተ ያልሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ፣ አቦ!»

ድሬ ላልኖረ ሰው ይህ ግራ ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ አንቱታ ብዙም የለም። ሽማግሌውንም ልጁንም አንተ ነው የምንለው። ንቀት አይደለም፤ ቅርበት ነው። ሰውዬውም እንደዚያ ነው የሰማው። ባዶ እጄን አልፌው፣ አንተ ስላልኩት ብቻ ፊቱ በራ።

እማዬን ከልጁ ጋር አስቀደምኳትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ካርቶን አንጥፏል። ጎኑ አንዲት ጥቁር ፌስታል ነበረች፣ አፏ በደንብ የታሰረ። ምግብ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ፈታትና አሳየኝ። ነጭ ሸሚዝ ናት። ታጥባ፣ ተተኩሳ፣ አራት ቦታ ታጥፋ ተቀምጣለች። ኮሌታዋ ውስጥ ቅርጿ እንዳይበላሽ ወረቀት ጠቅልሎ ከቶበታል።

«ስመለስ የምለብሳት ናት» አለኝ። «ድሬ ውስጥ አልለምንም። ድሬ ውስጥ ሰው ነኝ።»

እዚህስ? ልለው ፈልጌ ነበር። አፌ እምቢ አለኝ።

ድሮ ምድር ባቡር ተሸካሚ ነበር። ድሬን የወለዳት ባቡሩ ነው። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ እዚያ ባይደርስ ከተማዋም አትኖርም ነበር። ባቡሩ ሲገባ ነጋዴው፣ ሻይ ሻጩ፣ ባለጋሪው፣ ተሸካሚው አብሮ ይበላ ነበር። አሮጌው ባቡር ሲቆም ያ ሁሉ ሰው ተበተነ። አዲሱ ባቡር መጥቷል፤ ጣቢያው ግን ከከተማው ውጪ ነው፣ የሱም ትከሻ አርጅቷል። መጀመሪያ ዕቃውን ሸጠ። ከዚያ ተበደረ። ከዚያ አበዳሪዎቹን መሸሽ ጀመረ። አንድ ዓርብ ሐረር ወጥቶ፣ የሚያውቀው በሌለበት፣ እጁን ዘረጋ። እጁን እስኪዘረጋ ድረስ ከጠዋት እስከ ቀትር እንደፈጀበት ነገረኝ።

የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል። እሱ ደግሞ «የማላውቀው ሰው ፊት ይሻላል፤ የሚፈጀኝ የማውቀው ነው» አለኝ።

ለመመለሻ ካስቀመጥኳት ላይ 50 ብር አውጥቼ በሁለት እጄ ሰጠሁት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። ልነሳ ስል «ድሬ ካየሽኝ ሰላም በይኝ። የት እንደተዋወቅን ግን አትንገሪ» አለኝ። ስለዚህ መልኩንም ሰፈሩንም እዚህ አልጽፍም።

ከዚያ ጀምሮ በጭንቅላቴ የሚዞሩት ቃላት ናቸው። ስሸሸው «እግዜር ይስጥህ» አልኩት። ሲያመሰግነኝ «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። ቃሉ አንድ ነው። የሱ ላይ «ልኝ» አለችበት። እኔ መክፈል አልችልምና እሱ ይክፈልልኝ ማለቱ ነው። የኔ ግን ከኔ ላይ ውረድልኝ ነበር። በእግዜር ስም ነው የገፈተርኩት።

ልጅ ሆኜ «ለማኝ መጣ» ስል እማዬ ትቆጣኝ ነበር። «የኔ ቢጤ በይ!» ትለኛለች። ለረጅም ጊዜ የሰውየው ስም ይመስለኝ ነበር። ቢጤ እኩያ ነው፣ አምሳያ ነው። የኔ ቢጤ ማለት እንደኔው ያለ ሰው ማለት ነው። ይህን ስም መጀመሪያ ያወጣው ሰው በሕይወት ቢኖር እግሩን እስም ነበር። እኛ ግን ቃሉን ከማዘውተራችን የተነሳ አንሰማውም።

ያደግኩባቸውን ታሪኮች ሳስብ ለማኝ የሌለበት ጥቂት ነው። የቆሎ ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ውሻ እያባረረው፣ ለምኖ ነው ቅኔ የሚማረው። ጎረቤታችን ደግሞ ቁርኣን ላይ፣ አድ-ዱሓ የምትባለው ምዕራፍ ውስጥ፣ ለማኝን አታመናጭቅ የሚል ትእዛዝ እንዳለ ነግራኛለች። ጥቅምት 14 የሚታሰበው ገብረ ክርስቶስ የንጉሥ ልጅ ነበር። በሠርጉ ሌሊት ጥሎ ወጣ። ከብዙ ዘመን በኋላ ተመልሶ በገዛ አባቱ ደጅ 15 ዓመት እንደ ለማኝ ኖረ። አባቱ አላወቀውም። ድሮ ይህን ስሰማ አባትየው ነበር የሚገርመኝ። እንዴት የልጁን ፊት ይረሳል? አሁን ገባኝ። አላየውም። በየቀኑ አልፎት እየሄደ እጁን ብቻ ነበር የሚያየው።

የበላዔ ሰብን ታሪክ ደግሞ እማዬ ነች ደጋግማ የነገረችኝ። 78 ሰው የበላው በላይ፣ በማርያም ስም ለለመነው ለምጻም ጥርኝ ውሃ ሰጠ፤ በዚያች ውሃ ዳነ። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ሚዛኑ ተስሎ አይተነዋል። ስለ በላይ ነፍስ ብዙ ተነግሯል። ያ ውሃ የጠየቀውስ? ጥሙ ቆረጠ ወይ? ከዚያ ወዴት ሄደ? ማን ይባላል? እኔ የሰማሁት ታሪክ ስሙን አይነግረኝም። የወንጌሉ አልዓዛር እንኳ ስም አለው። ይሄኛው ውሃውን ጠጥቶ ከታሪኩ ይወጣል። የሰጪው መዳን ላይ ስለምናተኩር ይመስለኛል። እኔም ትናንት ያን ሁሉ ሳንቲም ይዤ ስወጣ ሳስብ የነበረው የራሴን ስለት ነው።

ዛሬ ጠዋት ቡና ላይ ይህን ሁሉ ለእማዬ ነገርኳት። ስለ ሸሚዟ ስነግራት አለቀሰች። ከዚያ ሲኒዋን አስቀመጠችና «የክርስትና ስሙ ማነው? በጸሎቴ ላስበው» አለችኝ።

ዝም አልኩ። ያን ያህል ተቀምጬ ስሙን አልጠየቅኩትም። የክርስትናው ስም ቀርቶ የሚጠራበትን እንኳ አላውቅም። ክርስቲያን ይሁን ሙስሊምም አላውቅም፤ ቁልቢ ሁሉም ይመጣል።

«አልጠየቅኩትም» አልኳት። እማዬ አልተቆጣችኝም። ሁለተኛውን ቀዳች።

አሁን ይህን እየጻፍኩ ከጓዳ ድምጿ ይሰማኛል። እንደ ሁልጊዜው ስም እየጠራች ነው። የአባቴን ጠራች፣ የእህቴን፣ የኔን፣ የልጁን፣ የጎረቤቶቻችንን። ትንሽ ዝም አለች።

«የዚያን የድሬውን ሰውም» አለች።