ዕድሉ ነው ስንል

ደሴ ዛሬም ጭጋግ ወርዶባታል። ጦሳ ተራራ አይታይም። እንዲህ ሲሆን ሆዴ ይባባል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ማታ ሆስፒታል ተረኛ ነበርኩ። የአንዲት ታማሚ እማማ የደም ግፊት ወርዶ አልነሳ አለ። ግፊት የሚያነሳው መድኃኒት፣ ኖርአድሬናሊን፣ ያስፈልጋቸዋል፤ በእጅ ደም ስር ሲሰጥ ቆይቶ ካመለጠ ደግሞ ሥጋ ያበላሻል። ስለዚህ በአንገት፣ ሴንትራል ላይን፤ በትልቁ ደም መልስ ወደ ልብ አቅጣጫ የሚገባ ቱቦ። ልጃቸው በር ላይ ቆሞ «አብሽሪ እማዬ» ይላል።

የአልትራሳውንዱን ፕሮብ፣ ምስል የሚያነሳውን እጀታ፣ አንገታቸው ላይ አሳረፍኩ። ሁለት ጥቁር ክቦች መጡ። ጫን ስል አንዱ ተጨፈለቀ፤ ደም መልሱ ነው። ሌላው ይመታል፣ አይበገርም፤ ደም ቅዳው። መጽሐፉ ደም መልሱን ወደ ውጭ ጎን ያስቀምጠዋል። የእማማ ግን ደም ቅዳው ላይ ተደርቦ ተኝቷል። መርፌ ትንሽ ቢያልፍ በቀጥታ ደም ቅዳው ውስጥ ነው። አንገታቸውን ብዙ አዙረነው ነበር፤ ወደ መሃል መለስ ሳደርገው ሁለቱ ራቅ ራቅ አሉ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሐሳብ ይዞኛል። ያለ አልትራሳውንድ፣ በጣት ዳብሰን ብቻ ስንሠራ፣ አንገት በደም ሲያብጥ ወይም ሳንባ ሲበሳ «ዕድሉ ነው» እንባባል ነበር። የታላላቆቻችንን እጅ አከብራለሁ። በሁለቱ የአንገት ጡንቻዎች መሃል ዳብሰው ስንቱን አትርፈዋል። ግን ዕድል ያልነው ስንቱ ነው ከቆዳ ሥር የተደረበ ደም ስር የነበረው? ይሄ ያመኛል። ስዊድናዊው ሐኪም ሴልዲንገር መርፌ፣ ሽቦ፣ ቱቦ የሚለውን ዘዴ፣ በመርፌው ሽቦ አስገብቶ በሽቦው ላይ ቱቦ ማሳለፍን፣ ያሳተመው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። የእንግሊዙ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ «ለአንገቱ ደም መልስ በአልትራሳውንድ እያያችሁ ሥሩ» ያለው በ2002። በመሃል ስንት አንገት አለ!

ምስሉም ቢሆን ያሳስታል። መርፌው በምስሉ ላይ በአግድሙ ሲታይ ነጭ ነጥብ ብቻ ነው፤ ጫፉ ይሁን ወገቡ አይለይም። ሽቦው ደም መልሱ ውስጥ መሆኑን በዓይኔ ሳላረጋግጥ ለቱቦው ቀዳዳ ማስፊያውን የማላስገባው ለዚህ ነው።

አዲሶቹን ሐኪም ልጆች ግን የቱን ላስቀድምላቸው? ጣቱን ካልቻሉ፣ መብራት ጠፍቶ የማሽኑ ባትሪ ባለቀ ሌሊት ምን ይሆናሉ? ጣቱን ይማሩ ካልኩ ደግሞ፣ የሚለማመዱት በማን አንገት ላይ ነው?