በሦስት ሹራብ

ሰሞኑን ከፍቶኛል። ምክንያቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ ስለ እሱ አልጽፍም። ዛሬ የምጽፈው በሐምሌ ሙቀት ሦስት ሹራብ ደራርቤ፣ ከላይ ካፖርት ጨምሬ፣ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ አውሮፕላን ስለ መሳፈሬ ነው።

ታናሽ እህቴ ወልዳለች። አዎ፣ በሰላም። ወንድ ነው። ስም ገና አልወጣለትም፤ እናታችን በስልክ ሦስት ስም ልካ አባትየው አንዱንም አልወደደውም። እንግዲህ አራስ ለመጠየቅ ሚላን ድረስ ስሄድ ባዶ እጄን መሄድ የማይታሰብ ነው። ቲኬቱን የቆረጥኩት ግን በ14 ዩሮ ነው። በ14 ዩሮ የሚፈቀደው ደግሞ ከፊት ለፊት ወንበር ሥር የምትገባ፣ 40 በ30 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነች አንዲት ቦርሳ ብቻ ናት። ሻንጣ ልጨምር ብዬ ዋጋ ባይ 38 ዩሮ አለኝ። እኔ 14፣ ሻንጣዬ 38። ሌላ ሰው ቢሆን ይናደድ ነበር፤ እኔ በሻንጣው ቀናሁበት።

ስለዚህ ቦርሳዋን በገንፎና በአጥሚት ዱቄት ሞላኋት፣ ልብሴን ለበስኩት። ያስቸገረኝ ቅቤው ነው። በምነሣበት አውሮፕላን ማረፊያ የፍተሻ ሕግ ቅቤ እንደ ፈሳሽ ይቆጠር ነበር፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በሚይዝ ዕቃ አያልፍም፣ ሁሉም ተሰብስቦ አንድ ሊትር በምትይዝ፣ ውስጧ በሚታይ ላስቲክ ውስጥ መግባት ነበረበት። ባዶ የፊት ቅባት ብልቃጦች ሰብስቤ አጠብኩና የተነጠረ ቅቤ ሞላሁባቸው። ስምንት ሆኑ። ፈታሹ አንዱን ከፍቶ አሸተተና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ለፀጉር ነው አልኩት። አያቴ ትመሰክርልኛለች፤ ኮረሪማና አብሽ የገባበትን ግን እሷም ራሷ ላይ አድርጋ አታውቅም።

ቲኬቱ ላይ መነሻ ተብሎ የተጻፈው "ፍራንክፈርት" ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ሃን ነው፤ ከከተማው 120 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ አየር ኃይል ሰፍሮበት የነበረ ከፍታ ቦታ። አውቶቡሱ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ ዋጋውም ከአውሮፕላኑ በለጠ። "ሚላን" የተባለውም ቤርጋሞ ነው፣ ከሚላን ሌላ 50 ኪሎ ሜትር ያህል። በኢንተርኔት ብመዘገብም፣ ፓስፖርቴ የአውሮፓ ስላልሆነ ወረቀቴን ይዤ አንዲት መስኮት ላይ ማኅተም ማስመታት ነበረብኝ። ልጅቷ የመኖሪያ ፈቃዴን አየች፣ ካፖርቴን አየች፣ በመስኮት ፀሐዩን አየች፣ ማኅተሙን መታች።

መሳፈሪያው በር ላይ የብረት ሳጥን ቆሟል። ቦርሳው ከገባ ይታለፋል፣ ካልገባ ይከፈላል። ሰዎች ይህን ርካሽ በረራ ከታክሲ ጋር ሲያመሳስሉት እሰማለሁ፤ አይመሳሰልም። ከረዳት ጋር መከራከር ይቻላል።

ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ቦርሳቸው በሁለት ጣት ያህል አልገባ አለ። ወለሉ ላይ ተንበርክከው ከፈቱት። በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ነበር፣ አንድ ጥንድ ጥሩ የቆዳ ጫማ ነበር። ጫማውን አወጡና ዙሪያቸውን ቃኙ። መጀመሪያ ምን እንደሚፈልጉ አልገባኝም። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ የሚሰጡት ሰው እየፈለጉ ነበር። ማንም የለም። ሁላችንም የራሳችንን 40 በ30 በ20 አቅፈን ቆመናል። በመጨረሻ ጫማውን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ሳይሆን አጠገቡ፣ ሁለቱን እግር አስተካክለው፣ በር ላይ እንደሚወለቅ ጫማ አስቀመጡትና አለፉ።

አውሮፕላኑ ውስጥ የደረሰኝ መካከለኛው ወንበር ነው፤ መስኮትም ሆነ መተላለፊያ ለመምረጥ ይከፈላል፣ ከባል አጠገብ ለመቀመጥም ይከፈላል። መደገፊያው ወደ ኋላ አይልም። የአደጋ ጊዜ መመሪያው እንኳን ከፊት ወንበር ጀርባ ላይ ተለጥፏል፤ ወንበሩ ኪስ ካለው ቆሻሻ ይኖራል፣ ቆሻሻ ካለ ጽዳት ይኖራል፣ አውሮፕላኑ ደግሞ አርፎ በ25 ደቂቃ ውስጥ መመለስ አለበት። ከደመና በላይ ሆነን አስተናጋጇ ሎተሪ ስታዞር ስቄ ነበር። አልገዛሁም። የማስበው ስለ ሽማግሌው ነበር፤ ከእሳቸው ወደ ቦሌ ሄድኩ።

ቦሌ ላይ ዕቃ የሚተርፈው ሰው ዙሪያውን አይቃኝም። ሸኚ ወደ ውስጥ አይገባም እንጂ ከውጭ ቆሟል፤ "ሚዛኑ አለፈ" ተብሎ እስኪደወልለት ድረስ ወደ ቤቱ አይሄድም። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። እኛ ቤት ይህ የሚመዘነው ሰፈራችን ወፍጮ ቤት ነበር። ወንድሜ ሻንጣዬን ተሸክሞ ከእህሉ ወረፋ ይሰለፋል። ጤፍ ልታስፈጭ የመጣችው ሁሉ አስተያየት ትሰጣለች፤ አንዷ በርበሬውን እንዳትቀንሱባት ትላለች፣ ሌላዋ ሽሮው በዝቷል ትላለች። የወፍጮ ቤት ሚዛን ወደ ባለቤቱ ያደላል ስለሚባል፣ 25 ሲል እናቴ 23 ብላ ታነበዋለች። ሻንጣዎቼ አውሮፓ የሚደርሱት የዱቄት ጣት ታትሞባቸው ነው።

በ2006 ዓ.ም. ግን የቦሌው ሚዛን 26 አለ። ሦስት ኪሎ ይቀነስ ተባልኩ።

አክስቴ ማር ልካልኝ ነበር። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጀሪካኑን በአውቶቡስ ጭኗ ላይ አድርጋ ነው ያመጣችው፣ ከሰው ዕቃ ጋር ጣሪያው ላይ አይጫንም ብላ። አድርሺልኝ ብላ ለእናቴ ሰጥታ በማግስቱ ተመለሰች። እኔም ሻንጣዬን ወለሉ ላይ ዘርግፌ፣ ከኋላዬ ሰልፉ እያጉረመረመ፣ ሦስት ኪሎ ፈለግሁ። ጀሪካኑ ልክ ሦስት ኪሎ ነበር። ይዤው ወጣሁና ለእናቴ ሰጠኋት። ምንም አላለችም። ነጠላዋን ሸብ አድርጋ ያዘችውና "ሂጂ፣ ይዘጋብሻል" አለችኝ።

ለአክስቴ አልነገረቻትም። እኔም አልነገርኳትም። ሲደወልልኝ ማሩ እጅ የሚያስቆረጥም ነበር አልኩ፤ አንዴ ካልኩ በኋላ እንዴት ይመለሳል? 11 ዓመት ሙሉ፣ በየዓመቱ ማር ሲቆረጥ እየደወለች ታነሣዋለች፣ እኔም እየጨመርኩበት እሄዳለሁ። ጉንፋን እንደፈወሰኝ ነግሬያታለሁ። ጀርመኖች አቅምሼ እንደተገረሙ ነግሬያታለሁ። ባለፈው ጥቅምት ደግሞ በድንገት "ያን ጊዜ የላክሁልሽ ነጩን ነበር ወይስ ቀዩን?" አለችኝ።

ጀሪካኑ ቢጫ ነበር። ክዳኑን ከፍቼው አላውቅም።

"ነጩን" አልኩ።

ዝም አለች። ከዚያ "እኔስ በዚያ ዓመት ነጭ የቆረጥን አይመስለኝም ነበር" አለችና ስለ ብርዱ ጠየቀችኝ።

ረስታ ነው ወይስ አውቃ? ከጥቅምት ጀምሮ አልደወለችም፤ እኔም አልደወልኩም። እናቴን ልጠይቃት እችላለሁ፤ ማሩን ምን እንዳደረገችው ታውቃለች፣ ቀለሙንም አይታዋለች። ነገር ግን ማር ብዬ አፌን የከፈትኩ ዕለት፣ አምሮኝ መስሏት ወንድሜ ወደ ወፍጮ ቤት መላኩ አይቀርም።

አስተናጋጇ ቀበቶ እሰሩ ስትል ነቃሁ። ሦስቱም ሹራብ አሁንም ገላዬ ላይ ናቸው።

ያን ቀን ሻንጣው ውስጥ ከማሩ ጎን ምን እንደነበረ ደግሞ አልነገርኳችሁም። ከመርካቶ የገዛሁት ጫማ ነበር፣ ሦስት ጥንድ። አንዱ እስከ ዛሬ ከነሳጥኑ አልጋዬ ሥር ነው። ቁጥር 38። እግሬ 39 ነው። ሻጩ ይሰፋል ብሎኝ ነበር።