የአክስቴ አውራ ዶሮ

ወንድሜ ቨርጂኒያ ነው። ገና ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ደወልኩለት። በ20 የአሜሪካ ሳንቲም የሚሸጥ አንድ አክሲዮን አግኝቻለሁ፤ ሊወድቅ ነው። «500 አክሲዮን ተበድረህ ሽጥ። ሲረክስ ገዝተህ ትመልሳለህ። ትርፉን እንካፈላለን» አልኩት። ሾርት ማድረግ የሚሉት ይህንን ነው።

በማግስቱ ደወለ። «ሂሳብህ ላይ ቢያንስ 2,000 ዶላር ከሌለ ተበድረህ መሸጥ አትችልም አሉኝ የአክሲዮን ደላሎቹ። ደግሞ እንዲህ የረከሰ አክሲዮን ሲሆን፣ 20 ሳንቲምም ያውጣ 2 ሳንቲም፣ ለእያንዳንዱ ቢያንስ 2 ዶላር ከ50 መያዣ ይፈልጋሉ።»

አባዛሁት። 1,250 ዶላር። ለ100 ዶላር ዕቃ!

ተናደድኩ። እዚሁ ጎንደር ዶሮ ሞልቶ አሜሪካ ምን አስኬደኝ? ዶሮ ለገና ዋዜማ ይወደዳል፣ በዓሉ ሲያልፍ ይረክሳል። አክስቴ ዘንድ ሄድኩ።

«ቀዩን አውራ ዶሮ አበድሪኝ። ከበዓሉ በኋላ እሱን የመሰለ አመጣለሁ።»

«ምን ታስይዛለህ?»

«የወንድምሽ ልጅ አይደለሁም እንዴ?»

«ነህማ። ስልክህን አስቀምጥ።»

«ስልኬ እኮ አሥር ዶሮ ይገዛል!»

«ዶሮ ነገ ስንት እንደሚገባ አንተ ታውቃለህ?»

ስልኬን መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። ዶሮውን ቅዳሜ ገበያ ወስጄ 1,200 ብር ሸጥኩት።

ገና አለፈ። ዋጋው ትንሽ ቀነስ አለ። ገና ይወርዳል ብዬ ጠበቅሁ። ጎንደር ተወልጄ፣ ፋሲል መዋኛ ውስጥ ስንቦጫረቅ አድጌ፣ ጥምቀትን ረሳሁት! 12 ቀን እኮ ነው መሃሉ። ከተማው በእንግዳ ተጥለቀለቀ። ዶሮውም አብሮ ወጣ፤ 1,500፣ 1,700...

የከተራ ዕለት ጠዋት አክስቴ ልጅ ላከችብኝ። «እንግዳ መጥቶብኛል፤ ዶሮዬን አሁኑኑ!» አበዳሪ በፈለገው ሰዓት መልስ ማለት እንደሚችል ወንድሜ ነግሮኝ ነበር። መቼ ሰማሁት!

በ1,900 ብር ገዝቼ እያለከለኩ ደረስኩ። አክስቴ ክንፉን ገለጥ አድርጋ አየችው።

«በአርባ አራቱ ታቦት! የኔ ቀይ ነበር። ይሄ ገብስማ ነው።»

100 ብር ጨመርኩላት። ስልኬን ከመቀነቷ ፈታች።

«ወንድምህ ሲደውል ነው የከረመው። ያ ያልከው ነገር 1 ዶላር ከ10 ገባ በልልኝ ብሏል። ደግሞ እየሳቀ ነበር።»