ቤተ ሙከራውም የዳንስ አዳራሹም በወረርሽኝ ሲዘጉ

ቀን የካንሰር ሕዋስ ሲያሳድጉ ውለው ማታ ሳልሳ ወይም ታንጎ የሚደንሱ ተመራማሪዎች አሉ። ሁለቱም በእጅ የሚለመዱ፣ በአካል ካልተገኙ የማይሆኑ ነገሮች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ሲያስታውቅ በብዙ አገር ቤተ ሙከራውም አዳራሹም በቀናት ልዩነት ተዘጉ። ድርጅቱ በኋላ ባወጣው ግምት ወረርሽኙ በ2020 እና በ2021 በቀጥታም በተዘዋዋሪም ያስከተለው ተጨማሪ ሞት 14.9 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከሟቾቹ መካከል ፍሪዘር ውስጥ የጀመሩትን ሥራ፣ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ የዳንስ ጓደኛቸውን ትተው የሄዱ አሉ። መዝጋት እንደ መክፈት ሁሉ ሙያ ይጠይቃል፤ ያኔ ብዙ የተበላሸውም ይህ ስለተዘነጋ ነው።

ከቤተ ሙከራው እንጀምር። የ«ሥራ አቁሙ» ትእዛዝ ሲመጣ የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ፍላስክ (ሕዋስ ማሳደጊያ ጠርሙስ) ውስጥ ያለ የካንሰር ሕዋስ ደግሞ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ምግቡ ካልተቀየረለትና ካልተከፋፈለ ቦታውን ሞልቶ ይሞታል። ስለዚህ ያለው መንገድ ፍሪዝ ማድረግ ነው። ሕዋሱ ፍላስኩን ከ70 እስከ 80 በመቶ ሸፍኖ ገና በፍጥነት እየተባዛ ሳለ ይያዝ፤ ሞልቶ ከቆመ በኋላ የተቀመጠ ሕዋስ ሲቀልጥ በደንብ አይነሳም። ትራይፓን ብሉ የተባለ ቀለም ጨምሮ መቁጠር የግድ ነው፤ የሞተው ሕዋስ ሰማያዊ ይሆናል፣ ሕያው የሆነው ቀለሙን አያስገባም። ከ90 በመቶ በታች ሕያው ከሆነ ያ ፍላስክ በፈሳሽ ናይትሮጅን ታንክ ውስጥ ቦታ አይገባውም። ሕዋስን የሚበክለው ማይኮፕላዝማ የተባለ ባክቴሪያ መኖር አለመኖሩም ከመቀመጡ በፊት ይመርመር፤ ሳይመረመር የገባ ብክለት ከወራት በኋላ ከነሕይወቱ ይወጣል፣ ያኔ ከየት እንደመጣ የሚያስታውስ ሰው ላይኖር ይችላል።

መቀላቀያው ቀላል ነው፤ 90 በመቶ ሴረም (ከእንስሳ ደም የሚወጣ ፈሳሽ)፣ 10 በመቶ ዲኤምኤስኦ የተባለ ኬሚካል፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ሕዋስ፣ በአንድ ብልቃጥ አንድ ሚሊ ሊትር። ዲኤምኤስኦ የሚያስፈልገው ሕዋሱ ውስጥ ያለው ውኃ ወደ በረዶ ስለት ተለውጦ ሽፋኑን እንዳይቀድደው ነው። ነገር ግን በክፍል ሙቀት ራሱ ሕዋሱን ይመርዛል፤ ከተቀላቀለ በኋላ በ10 ደቂቃ ውስጥ ብልቃጦቹ ወደ ቅዝቃዜ መግባት አለባቸው። ሃያ ፍላስክ በአንድ ቀን ለማስቀመጥ የሚጣደፍ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ላይ ቀላቅሎ የመጨረሻዎቹን ለግማሽ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ያቆያል። ሦስት ሦስት ወይም አራት አራት እያደረጉ መሄድ ይሻላል።

የቅዝቃዜው ፍጥነት በደቂቃ አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፣ ውኃው ከሕዋሱ ቀስ ብሎ እንዲወጣ። ለዚህ 250 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፓኖል የሚይዘው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ተደርድረው −80 ፍሪዘር ውስጥ ያድራሉ። አልኮሉ ከአምስት ጊዜ አገልግሎት በኋላ ይቀየር። በማግስቱ ወደ ፈሳሽ ናይትሮጅን። ይህን «በማግስቱ» የሚለውን አጥብቀን እንናገራለን፤ በጥድፊያ ጊዜ ብልቃጦች −80 ላይ ተረስተው ለወራት ይቀራሉ፣ እዚያ ደግሞ ከ−130 በታች እንደሚሆነው ሁሉ ነገር አይቆምምና ሕዋሱ ቀስ በቀስ ይሞታል። ከእያንዳንዱ ዓይነት ቢያንስ ሁለት ብልቃጥ በሌላ ሕንጻ ባለ ሌላ ታንክ ይቀመጥ።

ሕንጻው ባዶ ሲሆን ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ናይትሮጅን ይተናል፤ አንድ ሊትር ፈሳሽ ወደ 700 ሊትር የሚጠጋ ጋዝ ይሆናል፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ኦክስጅኑን ያስወጣዋል፣ ሽታም የለውም። በሌላ ጊዜ ጓደኛ ደጅ ላይ ይኖራል፤ በእንቅስቃሴ ገደብ ጊዜ ግን ታንኩን የሚሞላው ሰው ብቻውን ነው። የኦክስጅን መጠን የሚለካ ማንቂያ ሳይኖር፣ ሌላ ሰው ስልክ ላይ ሆኖ መግባቱንና መውጣቱን ሳያረጋግጥ፣ ማንም ወደዚያ ክፍል አይግባ። ሕዋስ ይተካል።

ማቅለጡ የማቀዝቀዙ ተቃራኒ ነው፤ በፍጥነት። ብልቃጡ 37 ዲግሪ ውኃ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ተወዝውዞ የምስር ፍሬ የምታክል በረዶ ስትቀር ይወጣል፣ ከ9 ሚሊ ሊትር ሞቅ ያለ ሚዲየም (የሕዋሱ ምግብ የሆነ ፈሳሽ) ጋር በጠብታ ይቀላቀላል፣ በማሽከርከሪያ መሣሪያ 200 ጂ (የመሬትን ስበት 200 እጥፍ) ላይ ለ5 ደቂቃ ይሽከረከራል፣ አዲስ ሚዲየም ይጨመርበታል። ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሳይከፋፈል ሙከራ አይጀመርበት፤ ገና ያላገገመ ሕዋስ ለመድኃኒት የሚሰጠው ምላሽ ያሳስታል። ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ጠልቆ የኖረ ብልቃጥ ሲሞቅ ሊፈነዳ ስለሚችል የፊት መከላከያ ሳያደርጉ መንካት አይገባም።

አሁን ከባዱ ነገር። አንድ ካርቶን ሳጥን፣ ዘጠኝ በዘጠኝ ተከፋፍሎ 81 ብልቃጥ ይይዛል። ክዳኑ ላይ በወረርሽኙ የሞተ ተመራማሪ የእጅ ጽሑፍ አለ፤ ከብልቃጦቹ ገሚሱ ላይ እሱ ብቻ የሚያውቃቸው ሁለት ፊደላትና አንድ ቁጥር። ይህ ሳጥን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይነካ። ቦታ ጠበበ ተብሎ የሚጣል ነገር በኋላ የማይገኝ ነገር ነው፤ ለባልደረቦቹም የሐዘን ጊዜ ነውና አንድ ሰው ብቻውን እንዲያጸዳው ማድረግ ጭካኔ ነው። ጊዜው ሲደርስ ሁለት ሰዎች ይቀመጡ፤ አንዱ ብልቃጡን በደረቅ በረዶ ላይ ይዞ ያንብብ፣ ሌላው ይጻፍ። ክዳኑም እያንዳንዱም መለያ ፎቶ ይነሳ። ከዚያ ከሥራ ደብተሩ ጋር በቀን ይዛመድ፤ አህጽሮቱ ባይገባም ቀኑ ብዙ ጊዜ ይገጥማል። ከአንድ ዓይነት ሦስት ብልቃጥ ካለ አንዱ ብቻ ይቅለጥ፣ ማይኮፕላዝማና የኤስቲአር ማንነት ምርመራ (ሕዋሱ የማን እንደሆነ በዲኤንኤው የሚለይ) ይደረግለት። የማንነት ምርመራው ለወግ አይደለም፤ ሂላ የተባለው የማህጸን በር ካንሰር ሕዋስ ሌሎችን እንደሚበክል ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል፣ በስህተት ስም የተሠራ ምርምርም ብዙ ነው።

በሳጥኑ ውስጥ የታካሚ ናሙና ካለ ጉዳዩ ይለያል። ናሙናው የታካሚው ፈቃድ በፈቀደው ልክ ብቻ ነው የሚሠራበት፤ ኃላፊ ተመራማሪው ሲሞት ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ማሳወቅና ተተኪ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። የሂላ ሕዋስ እ.ኤ.አ. በ1951 ከታካሚዋ ከሄንሪየታ ላክስ ሳትጠየቅ መወሰዱን የሚያውቅ ሰው ይህን እንደ ወረቀት ሥራ አያየውም።

የመዝጋቱ ዋጋ ከቤተ ሙከራ ይወጣል። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ዳይሬክተር የነበሩት ኔድ ሻርፕለስ በጁን 2020 እንደጻፉት፣ ምርመራና ሕክምና በመዘግየቱ በአገራቸው በአሥር ዓመት ውስጥ በጡትና በትልቁ አንጀት ካንሰር ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ተጨማሪ ሞት ይጠበቅ ነበር። በሌላ በኩል በዲሴምበር 2020 ለሕዝብ ከደረሱት የኤምአርኤንኤ ክትባቶች አንዱን የሠራው ባዮንቴክ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲቋቋም ዓላማው የካንሰር ሕክምና ነበር። የካንሰር ምርምር ለወረርሽኙ ብዙ ሰጥቷል።

ወደ አዳራሹ እንሂድ። ጥንድ ዳንስ በወረርሽኝ ጊዜ ቀድሞ የሚዘጋውና መጨረሻ የሚከፈተው ያለ ምክንያት አይደለም። ትንፋሽ ይጨምራል፣ ፊት ለፊት ይቀርባል፣ ጓደኛ ይቀያየራል። በታንጎ አንድ ታንዳ ሦስት ወይም አራት ዘፈን ነው፣ ወደ 12 ደቂቃ፤ በሳልሳ በየዘፈኑ ይቀየራል። በፌብሩዋሪና በማርች 2020 በደቡብ ኮሪያ ቾናን ከተማ ከአካል ብቃት ዳንስ ትምህርት ጋር የተያያዙ 112 ሰዎች ተይዘዋል፤ ክፍሎቹ 60 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ተማሪዎቹ ከ5 እስከ 22፣ ትምህርቱ 50 ደቂቃ ነበር። በዚያው ወረርሽኝ አንዲት የተያዘች አስተማሪ ፒላቴስና ዮጋ ያስተማረቻቸው ሰባት ስምንት ሰዎች ግን አልተያዙም። ልዩነቱ የትንፋሹ ብርታትና የሰዉ ብዛት ይመስላል።

ስለዚህ እጅ ማስታጠቡ ጥሩ ነው፣ ዋናው ግን አየር ነው። ስሌቱን ማንም አዘጋጅ ሊሠራው ይችላል። 12 በ10 ሜትር፣ ከፍታው 3.5 ሜትር የሆነ አዳራሽ 420 ሜትር ኩብ ነው። አየሩ በሰዓት ስድስት ጊዜ እንዲጸዳ 2,520 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል፤ አንዱ ማጣሪያ በሰዓት 400 የሚያጸዳ ከሆነ ሰባት መሣሪያ ማለት ነው፣ ወይም ጥቂት መሣሪያና በሁለት ተቃራኒ ወገን የተከፈተ መስኮት። የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ በራስ ከፍታ፣ ከመስኮትም ከሰው አፍም ርቆ ይሰቀል። ውጭ 420 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 420) ገደማ ያነብባል፤ አዳራሹን ከ800 በታች ማቆየት፣ 1,200 ከደረሰ ሙዚቃ አቁሞ በር መክፈት። ልብ በሉ፣ ማጣሪያ ቫይረስ ይይዛል እንጂ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይቀንስም፤ ማጣሪያ ባለበት አዳራሽ መለኪያው ከእውነተኛው አደጋ በላይ ያሳያል። የሙዚቃውን ድምፅ መቀነስም ይረዳል፣ ሰው ለመሰማማት ሲጮኽ የሚረጨው ይበዛልና። ጭምብል በላብ ከራሰ አየር በደንብ ስለማያሳልፍ መለወጫ ይዞ መምጣት ነው።

ኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው ወደ አዳራሽ ሲመለስ የተለየ ጥንቃቄ አለ። ከብዙዎቹ መድኃኒቶች በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ነጭ የደም ሕዋስ በጣም ይወርዳል፤ በዚያ ሳምንት ሰው ወደተሰበሰበበት ዝግ ቦታ አይኬድም፣ 38 ዲግሪ ትኩሳት ከታየ ሳይነጋ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው ሕዋስ) በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ50,000 በታች ከሆነ ወይም ካንሰሩ አጥንት ከደረሰ ማጎንበስ፣ ማንሳትና ድንገተኛ መጠምዘዝ ይቅር። ከብብት ሊምፍ ዕጢ የወጣለት ክንድ አይጎተት። ደረት ላይ የመድኃኒት ፖርት (ከቆዳ ሥር የተቀበረ መድኃኒት መስጫ) ካለ የታንጎ ቅርብ እቅፍ ይጫነዋል፤ ክፍት አያያዝ መጠየቅ ነውር አይደለም። ፓክሊታክሴል ወይም ኦክሳሊፕላቲን የተባለ የኬሞቴራፒ መድኃኒት እግር ያደነዘዘበት ሰው ወለሉን አይሰማም፤ ዝቅ ያለ ተረከዝ፣ መጠነኛ የሚንሸራተት ሶል ያስፈልገዋል፤ በጣም የሚይዝ ጎማ ሲዞሩ ጉልበት ያጣምማል። ቀስ ያለ ታንጎ ለእነዚህ ሰዎች ሚዛን መጠበቂያ ሊሆን እንደሚችል በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አጥንተውታል፤ ለእኛም ከዚህ ሁሉ ደስ የሚለው ሥራ ይህ ነው።

የዳንስ ጓደኛውን ያጣ ሰው መመለስስ? ለዓመታት ከአንድ ሰው ጋር የደነሰ አካል የእርምጃውን ርዝመት፣ የእቅፉን ከፍታ በዚያ ሰው ልክ አበጅቷል። የመጀመሪያው ምሽት ላይ የሚሰብረው ብዙ ጊዜ ሙዚቃው ሳይሆን የሌላ ሰው ትከሻ ሌላ ቦታ ላይ መገኘቱ ነው። ስለዚህ በትልቅ ምሽት ሳይሆን በትንሽ የልምምድ ሰዓት መጀመር ይቀላል። አዘጋጁ ቤተሰቡን ሳይጠይቅ የሞቱን ምክንያት በማይክ አይናገር። በወረርሽኙ ብዙዎች አልቀበሩም፣ አልተሰናበቱምና መታሰቢያ ዓመት ቆይቶ ቢደረግም አልዘገየም። ሐዘኑ ከስድስት ወር በኋላም ኑሮን የሚያስቆም ከሆነ የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ የተራዘመ ሐዘን ብሎ ያውቀዋል፣ እርዳታም አለው።

በታንጎ ታንዳ መሐል ጥሎ መውጣት እንደ ስድብ ይቆጠራል። ሐዘንተኛው ግን ከሁለተኛው ዘፈን በኋላ ሊወጣ ይችላል፤ አዘጋጁ ይህን አስቀድሞ ለሦስት አራት የታመኑ ደናሾች ይንገር፣ መጀመሪያ የሚጋብዙትም እነሱ ይሁኑ።