ሙዙን የሚያበስለው ጭሱ አይደለም

ከአርባ ምንጭ የሚጫን ሙዝ አዲስ አበባ የሚገባው አረንጓዴና ጠጣር ሆኖ ነው። ቢበስል ኖሮ ያን ሁሉ መንገድና የመኪናውን ንቅናቄ አይችለውም፤ ስለዚህ ሆን ተብሎ ጥሬው ይቆረጣል። የሚበስለው እዚሁ፣ በጅምላ ነጋዴዎች መጋዘን ውስጥ ነው። እኔ ጥራት ተቆጣጣሪ ሆኜ በሠራሁበት መጋዘን ሦስት የማብሰያ ክፍሎች ነበሩ። አሠራሩ በሌላውም ቦታ የሚታወቀው ነው፦ ሙዙ ይደረደራል፣ መሐል ላይ የነጭ ጋዝ ምድጃ ይለኮሳል፣ በሩ ይዘጋል፣ ክፍተቱ ሁሉ በጭቃና በጨርቅ ይመረጋል። ከዚያ ጭሱ ሥራውን እስኪጨርስ ይጠበቃል።

ይህን የሚመሩት ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አንጋፋ ሰው ነበሩ። መዳፋቸውን በሩ ላይ አሳርፈው የክፍሉን ሙቀት ይገምታሉ። አንዲት ጣት ሙዝ ቀንጥሰው፣ አሽትተው «ነገ ጠዋት» ካሉ ነገ ጠዋት ነው። ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ተምሬ ስገባ ስለ ሙዝ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ብዙ ያውቁ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን እንደዚያው ነው የማምነው።

ነገሩ የተጀመረው በክረምት ነው። ቸርቻሪዎች ሁለት ዓይነት አቤቱታ ይዘው ይመጡ ጀመር። አንዱ «ውስጡ ላሽቋል፣ ልጣጩ ግን አረንጓዴ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ልጣጩ አመድማ ሆኖ ቀረ፣ ቢጫ አልሆን አለ» ይላል። የሚገርመው ሁለቱም ከአንድ ክፍል፣ ከአንድ ጭነት የወጡ መሆናቸው ነው። የማታው ተረኛ ኃላፊ «ብርዱ ነው» ብሎ ደመደመ፤ በነበረው ምድጃ ላይ ሁለተኛ ምድጃ ጨመረ።

በማግስቱ ሊነጋ ሲል የጭነት መኪና በር ላይ ቆሞ ነበር። አንድ ወጣት ጫኝና አውራጅ መኪናውን ላለማስጠበቅ ተቻኩሎ በሩን ከፈተና ጭሱ እስኪወጣ ሳይጠብቅ ዘው ብሎ ገባ። ጓደኛው ሲጠራው መልስ አጣ። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ከሙዙ ክምር ሥር ተዘርግቷል። እግሩን ይዘው ጎትተው አወጡት። አንዱ ወተት ፍለጋ ሮጠ፣ ሌላው ሎሚ ቆርጦ አፍንጫው ላይ ያዘለት። ጋሼ ግን «ወተቱን ተዉት! ወደ ነፋሱ አውጡት! መኪና ጥሩ!» እያሉ ይጮሁ ነበር። እኔ የደረስኩት በሚኒባስ ሊወስዱት ሲጭኑት ነው። የልጁ ዓይን ተከፍቷል፣ ግን ማንንም አያይም። ሆስፒታል ኦክስጅን ተደርጎለት ከሰዓት በኋላ ነቃ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፏል። ያን ቀን ግን የማናችንም እጅ ሥራ አልያዘም።

የጣለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። በየክረምቱ ከሰል ቤት ውስጥ አንድደው ያደሩ ቤተሰቦችን የሚጨርሰው ጋዝ ማለት ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፤ ደም ውስጥ ኦክስጅን በሚያዝበት ቦታ ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይቀመጣል። ወተት አያስለቅቀውም፤ የሚያስለቅቀው ንጹሕ አየርና ኦክስጅን ብቻ ነው። በተመረገ ክፍል ውስጥ አንድ ምድጃ እንኳ አየሩን ይጨርሳል። ሁለት ሲሆኑ ነበልባሉ አየር አጥቶ በደንብ መንደድ ያቅተዋል፤ መርዙም ያን ጊዜ ነው የሚበዛው።

የመጋዘኑ ባለቤት በማግስቱ ሰበሰቡን። እትዬ ደንግጠው ነበር፤ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። «ልጁ ቢሞት ለእናቱ ምን እላት ነበር?» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፦ «አንቺ የተማርሽው ይህን አይደል? ያለ ጭስ ማብሰል ይቻላል ወይስ አይቻልም?»

«ይቻላል» አልኩ። «ሙዙን የሚያበስለው ጭሱ አይደለም፤ ጭሱ ውስጥ ያለ አንድ ጋዝ ነው።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ እኔ በኖርኩበት ዘመን ጭስ ያልገባው ክፍል እንዲህ አርጎ ሲያበስል አላየሁም።»

ትክክል ነበሩ፤ ያዩትን ነው የተናገሩት። ከ100 ዓመት በፊት የካሊፎርኒያ የሎሚ ነጋዴዎችም ያዩት ይህንኑ ነበር። አረንጓዴ ሎሚ ቢጫ እንዲሆንላቸው የነጭ ጋዝ ምድጃ ባለበት ክፍል ያስቀምጡት ነበር፤ ቀለሙን የሚቀይረው ሙቀቱ ነው ብለውም ያምኑ ነበር። በአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረው ፍራንክ ዴኒ በ1924 እ.ኤ.አ. ሥራው የሙቀቱ ሳይሆን ከምድጃው የሚወጣው ኢቲሊን የሚባል ጋዝ መሆኑን አሳየ። ከእሱ ቀደም ብሎ በ1901 ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ የተባለ ወጣት ሩሲያዊ፣ በቤተ ሙከራው ውስጥ የአተር ቡቃያዎች ቀጥ ብለው ማደግ ትተው ወደ ጎን ሲጋደሙ አይቶ፣ ምክንያቱ ከመብራቱ ጋዝ የሚወጣው ኢቲሊን መሆኑን ደርሶበታል። ፍሬው ራሱ ይህን ጋዝ እንደሚሠራ ደግሞ ሪቻርድ ጌን በ1934 በፖም አረጋገጠ።

ኢቲሊን አልኪን የሚባሉት የካርቦንና የሃይድሮጅን ውሕዶች ታናሽ ነው፤ ሁለት ካርቦንና አራት ሃይድሮጅን ብቻ። ሁለቱ ካርቦኖች የተያያዙት በድርብ ትስስር ነው፤ የዚህ ቤተሰብ ጠባይ ሁሉ የሚመጣውም ከዚያ ትስስር ነው። አንዱ ክንድ በቀላሉ ይለቅና ሌላ ነገር ይይዛል። ነጭ ጋዝ አየር አንሶት በደንብ ሳይነድ ሲቀር ከካርቦን ሞኖክሳይዱ ጋር ኢቲሊንም ይወጣል። ጠቃሚውና ገዳዩ ከአንድ ነበልባል አብረው እየወጡ ነው እንግዲህ ያ ክፍል ለዘመናት የሠራው።

በወሬ ብቻ ማንም እንደማያምነኝ አውቅ ነበር። ክዳን ያላቸው ሦስት የፕላስቲክ በርሜሎች ለመንኩ። በሦስቱም ከአንድ ዘለላ የተቆረጠ አረንጓዴ ሙዝ አስገባሁ። አንደኛው ውስጥ በደንብ የበሰለ ሙዝና አቮካዶ ጨመርኩ፤ ጭስ የለም፣ እሳት የለም። ሁለተኛው ውስጥ ጋሼ ሙቀቱ ነው እንዳይሉኝ ሙቅ ውኃ የሞላ ጀሪካን አስቀመጥኩና ሲቀዘቅዝ እየቀየርኩ ቆየሁ። ሦስተኛው ውስጥ ከፋርማሲ በገዛሁት ፖታሲየም ፐርማንጋኔት የነከርኩትን ጠመኔ አደረግሁ። ትምህርት ቤት አልኪን መኖሩን የምንፈትሽበት ያው ሐምራዊ ውሕድ ነው፤ ድርብ ትስስር ሲያገኝ ይበላውና እሱም ቡናማ ይሆናል። ሙዝ ይተነፍሳልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳይከማች በየቀኑ ክዳናቸውን እከፍት ነበር።

የበሰለ ፍሬ ያለበት ቀድሞ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ቢጫ ሆነ። ሙቅ ውኃ ያለበት ለስለስ አለ እንጂ ልጣጩ አረንጓዴነቱን አልለቀቀም። ጠመኔ ያለበት እንደገባ ነበር፣ ጠጣርና አረንጓዴ። ጋሼ ጠመኔውን አንስተው አገላበጡት፤ ላዩ ቡናማ ሆኗል፣ ሲሰብሩት ውስጡ ገና ሐምራዊ ነው። ብዙ ዝም ብለው ቆዩና «ይህን ያጠቆረው ከሙዙ የወጣው ነው?» አሉኝ። «አዎ ጋሼ።» «እንግዲያው እኔ ስሸተው የኖርኩት ሙዝ ራሱ ያበስል ነበር ማለት ነው» አሉ። በእርግጥም እንደዚያ ነው። ሙዝ ትንሽ ኢቲሊን ሲያገኝ የራሱን ማምረት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያስቆመውም። ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ገደማ የሚሆነው ስታርች ወደ ስኳር ይቀየራል።

የቸርቻሪዎቹ እንቆቅልሽም አብሮ ተፈታ። ይህ የሙዝ ዘር ሙቀቱ ከ24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ ሥጋው እየላሸቀ ልጣጩ አረንጓዴውን ማጣት ይሳነዋል። ከ13 ዲግሪ በታች ሲሆን ደግሞ ልጣጩ ይጎዳና ያመድማል። ምድጃው አጠገብ የነበረው በሙቀት፣ ጥግ ላይ የነበረው በክረምቱ ብርድ ተበላሽቷል። ሁለተኛው ምድጃ የመጀመሪያውን ጥፋት አባብሶት ኖሯል።

የማታው ተረኛ «ታዲያ ካርባይድ አለ አይደል፣ ብየዳ ቤት ሞልቷል» አለ። እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተቃወምኩ። ካርባይድ ውኃ ሲነካው የሚሰጠው አሲቲሊን ነው፤ ሙዙን ቢጫ ያደርገዋል፣ ግን ለብየዳ የሚሸጠው ካርባይድ የአርሴኒክና የፎስፈረስ ርዝራዥ አለበት። ሰው ልጁን የሚያጎርሰው ነገር ላይ ይህን ማድረግ ጨዋ ሥራ አይደለም። እትዬም «በእኔ ቤት አይሞከርም» ብለው ዘጉት።

መጨረሻ ላይ የተገዛው ኤታኖል የሚጠጣ ትንሽ መሣሪያ ነው። አልኮሉ በጋለ ካታሊስት (ለውጡን በሚያፋጥን ነገር) ላይ ሲያልፍ ውኃውን ትቶ ኢቲሊን ሆኖ ይወጣል። በመማሪያ መጽሐፋችን በጋለ ሰልፈሪክ አሲድ ይሠራ የነበረው ለውጥ ነው፤ እዚህ ግን አሲዱ የለም። ለማብሰል የሚበቃው ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ 100 እጅ ኢቲሊን ነው። ይህ ቁጥር ለሠራተኞቹ ምንም አልነገራቸውምና በጀሪካን ቆጠርኩላቸው። ክፍሉ 60 ሜትር ኩብ ነው፤ የሚያስፈልገው ጋዝ 6 ሊትር፣ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ያን ሁሉ ነጭ ጋዝ ስናነድ የኖርነው ለዚህች ነበር! ኢቲሊን ተቀጣጣይ መሆኑንም አልደበቅኳቸውም፤ ከአየሩ 2.7 በመቶ ሲደርስ ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል። በእኛ ክፍል ይህ ከ80 ጀሪካን በላይ ነው፤ መሣሪያው እዚያ አይደርስም፤ ሆኖም በክፍሉ ውስጥ እሳት፣ ሲጋራ፣ የተላጠ ገመድ ክልክል ሆነ።

ጀሪካኑን ምሳሌ ሳደርግ አንዱ ሠራተኛ «ይህ ራሱ ከምን ይሠራል?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ጥያቄው በጣም ደስ አለኝ። ከዚሁ ጋዝ ነው! ያ ድርብ ትስስር ተከፍቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢቲሊኖች እጅ ለእጅ ሲያያዙ ፖሊኢቲሊን ይሆናሉ፤ ጀሪካኑም፣ ፌስታሉም፣ የአበባ እርሻው ፕላስቲክም እሱ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ኖርዝዊች በሚባል ከተማ በ1933 እ.ኤ.አ. ፎሴትና ጊብሰን ሌላ ነገር ሲሞክሩ ነው ዕቃቸው ውስጥ እንደ ሰም ሆኖ ያገኙት። የምንሸከምበት ማዳበሪያ ደግሞ አንድ ካርቦን ከሚበልጠው ወንድሙ ከፕሮፒሊን የተሠራ ነው። ዓለም በዓመት ከ150 ሚሊዮን ቶን በላይ ኢቲሊን ያመርታል፤ ከነዳጅና ከተፈጥሮ ጋዝ የሚገኘውን ከእንፋሎት ጋር ከ800 ዲግሪ በላይ አግሎ በመሰነጣጠቅ። እኛ ዘንድ የሚገባው ጥሬ ዕቃ በእንክብል መልክ ተገዝቶ ነው።

አንደኛው ክፍል ማራገቢያና ቴርሞሜትር ተገጠመለት፤ ሙቀቱ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ተያዘ። ከ24 ሰዓት በኋላ ይናፈሳል፤ በሩ ተከፍቶ ማራገቢያው ሳይሠራ ማንም አይገባም። ይህን የመጨረሻውን ሕግ ያወጡት ጋሼ ናቸው፤ ቁልፉን ራሳቸው ያዙ። ሁለቱ ክፍሎች ገንዘብ እስኪገኝ በምድጃ ቀጠሉ። ይህ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር፤ በየቀኑ እጨቀጭቃቸው ነበር። በኋላ እነሱም ተለወጡ።

አንድ ነገር ግን አልታሰበልንም። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን የሠርግ አበባ ትሸጣለች። ክፍሉ ሥራ ከጀመረ በኋላ ካርኔሽኖቿ ወደ ውስጥ እየታጠፉ ከደጇ ሳይወጡ ይጠወልጉ ጀመር። ውኃውን ቀየረች፣ ባልዲውን አጠበች፣ አቅራቢዋን ወቀሰች። የነቃው ጋሼ ናቸው፤ አንድ ቀን ከአጥሩ ባሻገር አይተው «ልጄ፣ ያንቺ ጋዝ አይደለም ወይ ይህ?» አሉኝ። የምናናፍስበት ቀዳዳ የተከፈተው ወደ እሷ ግቢ ነበር። ካርኔሽን ደግሞ ለኢቲሊን እጅግ ስስ ነው፤ ሙዝ ከሚፈልገው በብዙ ያነሰ ይበቃዋል። ወደ ውጭ የሚላክ አበባን ለመከላከል ኤም ሲ ፒ የሚባል ሌላ ትንሽ አልኪን አለ፤ በሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲስለርና ብላንከንሺፕ ያገኙት ነው። አበባው ኢቲሊንን የሚቀበልበትን በር ቀድሞ ይዘጋዋል። ለጎረቤታችን ግን ይህ ሁሉ አላስፈለጋትም። ቧንቧውን ከጣሪያ በላይ አወጣነው፣ የወደመባትን አበባ እትዬ ከፈሉላት፤ ካርኔሽን የምታስመጣበትን ቀን አስቀድማ ትነግረናለች፣ እኛም ያን ቀን አናናፍስም።