ብቻቸውን የቀሩት የምክር ቤት አባል

ዛሬ ደብሊን፣ ባሊፈርሞት ሰፈር አውቶቡስ ስጠብቅ አጠገቤ የቆሙ አንድ አዛውንት እ.ኤ.አ. በ2010 በ86 ዓመታቸው ስላረፉት ስለ ቶማስ ማክ ጊላ አጫወቱኝ። ማክ ጊላ ከ1962 ጀምሮ የአየርላንድን አንድነት የሚሻውን ፓርቲ ሺን ፌንን በሊቀመንበርነት የመሩ፣ ንቅናቄውም ከጠመንጃ ይልቅ ወደ ሠራተኛው ጥያቄ እንዲያዘነብል የታገሉ ነበሩ። አዛውንቱ ግን ይህን ሁሉ ትተው “59 ድምፅ!” እያሉ በከዘራቸው አስፋልቱን መታ መታ አደረጉ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በ1992 ከሠራተኞች ፓርቲ (ሺን ፌን ከተከፈለ በኋላ የማክ ጊላ ክንፍ የያዘው ስም ነው) ሰባት የአየርላንድ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ስድስቱ ወጥተው ሌላ ፓርቲ ሲመሠርቱ፣ ማክ ጊላ ብቻቸውን ቀሩ፤ በዚያው ዓመት በተካሄደው ምርጫም በ59 ድምፅ ተበልጠው ወንበራቸውን አጡ። አቋምን አለመልቀቅ ሁልጊዜ ትክክል ነው ብዬ አላምንም፤ ከወጡት መካከል አሳማኝ ምክንያት የነበራቸው እንደነበሩም አልጠራጠርም። ሆኖም ፓርቲ እንደ ሸሚዝ በሚቀየርበት በዛሬው ፖለቲካ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ግትርነት አክብሮት መንፈግ ይከብደኛል። የደብሊን ከተማ ምክር ቤትም ያከበራቸው ይመስለኛል፤ በተሸነፉ በዓመቱ የከተማዋ ከንቲባ አድርጎ መርጧቸዋል።