ቀይ ዳዶ ይዘን ወደ ዓባይ በረሃ

ወደ ደብረ ማርቆስ የሄድነው በወዳጄ ቪትዝ ነው። ቸርኬዎቹ ላይ ቀይ የአልሙኒየም ዳዶ (ጎማውን ብሎኑ ላይ የሚያስረው) አስገጥሟል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ያምራል። ፍቼን በሰላም አልፈን ጎሃ ጽዮን ልንገባ ስንል የኋላ ጎማችን ተነፈሰ።

ጎሚስታው ልጅ እግር ነው። ኪያቤው (የዳዶ መፍቻው) ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ ሲጫነው ሦስቱ ዳዶ ወጣ፤ አራተኛው ባለበት ይሽከረከር ጀመር። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጥርሱ ተበልቷል» አለው ወዳጄን። ቸርኬውን ወደ ውጭ እየገፋን በስንት ትግል ወጣ። ተቀብዬ አየሁት፤ ማዕዘኖቹ ተድጠው ሊከቡ ምንም አልቀራቸው፣ የውስጥ ጥርሱም ተልጦ እንደ ብር ክር ብሎኑ ላይ ተጠምጥሟል። ብሎኑ ብረት ስለሆነ ምንም አልሆነም።

አልሙኒየም ዝም ብሎ የሚናቅ አይደለም። ክብደቱ የብረት ሲሶ ገደማ ነው፤ ፖርሽ እንኳ 911 ላይ ለብዙ ዓመታት ገጥሞታል። ግን ልኩን ጠብቆ በሚያጠብቅ ሰው እጅ ነው የሚኖረው። የቪትዝ የማጥበቂያ ልክ 103 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዣ ኃይል መለኪያ) ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ ሙሉ ክብደቱን ቢጥል 600 ገደማ ይደርሳል! ብረቱ ዳዶ ይህን ለጊዜው ይችለው ይሆናል፤ አልሙኒየሙ ግን በተፈታና በታሰረ ቁጥር ጥርሱ እየሳሳ ይሄዳል። እኛ ደግሞ ጎማ ቶሎ ቶሎ የምናስፈታ ሰዎች ነን። በዚያ ላይ ቪትዝ በአንድ እግር ያላት አራት ዳዶ ብቻ ነው፤ አንዱ ሲከዳ ሩቡ ሄደ ማለት ነው።

ከፊታችን ያለው ደግሞ ዓባይ በረሃ ነው፤ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት። ፍሬን ሲግል ሙቀቱ ወደ ዳዶው ይሄዳል፣ አልሙኒየም ደግሞ ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ይሄን ሳስብ ፈራሁ፣ ለወዳጄም ነገርኩት።

ጎሚስታው ከቆርቆሮው ውስጥ ያገለገሉ የብረት ዳዶዎች ፈለገልን። ጥርሳቸው ልክ መሆኑን፣ አፋቸውም እንደ ቸርኬው መቀመጫ ሾጣጣ መሆኑን አይተን መረጥን። ብሎኖቹን በሽቦ ብሩሽ ጠረገ። «ወንድሜ፣ መጀመሪያ በእጅህ አስገባው፣ ቱቦውንም ተወው» አልኩት፤ ሳይከፋው በመስቀል እያፈራረቀ አጠበቀ።

በከባድ ማርሽ ቀስ ብለን ወረድን። በጃፓን ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተከፈተውን የህዳሴ ድልድይ ተሻግረን ደጀን ስንወጣ ቆመን ቸርኬው እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። የተቀየሩትን ደግመን ስናጠብቅ አንዱ ትንሽ ዞረ፣ ሌሎቹ ንቅንቅ አላሉም። የቀሩትን ቀያዮች ደብረ ማርቆስ ላይ በብረት አስቀየርናቸው።